የቡችላዬ ጆሮ አልቀመጥ አለ

የአንባቢ ደብዳቤ

ይድረስ ለዚህ ዓምድ አዘጋጅ፣

በቅድሚያ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የምጽፍልዎ አራት ወር ተኩል ስለሆነው ኤርዴል ቴሪየር ቡችላችን፣ በተለይም ስለ ጆሮው ነው። ጉዳዩ ሌሎች አንባቢዎች ከሚያቀርቧቸው ችግሮች አንጻር ተራ እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ቤታችን ውስጥ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲያከራክረን ሰንብቷል።

ቦቢን ስናመጣው ዕድሜው 10 ሳምንት ነበር። ያን ጊዜ ሁለቱም ጆሮዎቹ ከመሐላቸው ታጥፈው ጫፋቸው ወደ ዓይኑ ጥግ ያመለክት ስለነበር፣ በፎቶ የምናያቸውን አዋቂ ኤርዴሎች በትንሹ ይመስል ነበር። አራተኛ ወሩን ከያዘ ወዲህ ግን የግራ ጆሮው እንደ ወፍ ክንፍ ወደ ጎን ተዘርግቶ ቀርቷል፤ የቀኙ ደግሞ እጥፋቱ ጠፍቶ ጉንጩ ላይ ተንጠልጥሏል። ጠዋት አንድ ዓይነት፣ ማታ ሌላ ዓይነት ሆነው የሚገኙበትም ቀን አለ።

ቡችላውን የሰጠን አርቢ «ዛሬ ነገ ሳትሉ በማጣበቂያ አስይዙት፤ አለዚያ እንዲሁ ይቀራል» አለን። ውሻ ያሳደገች አንዲት ወዳጄ ደግሞ በየቀኑ ጆሮውን እንዳሸውና የካልሲየም እንክብል እንድሰጠው መከረችኝ። ባለቤቴ በበኩሉ «ውሻ ውሻ ነው፤ ተዪው» ባይ ነው። እኔ የአርቢውን ምክር ሰምቼ፣ ምን ዓይነት ማጣበቂያ እንደሆነ ግን ሳልጠይቅ፣ ካርቶን የምናሽግበትን ፕላስተር ቆርጬ ሁለቱንም ጆሮዎች በራሱ ላይ ለጠፍኳቸው። በሦስተኛው ቀን በእግሩ ቧጥጦ ግማሹን ነቀለው፤ የቀረውን እኔ ሳላቅቀው ቦቢ ጮኸ፣ ፕላስተሩም ጸጉሩን ይዞ ተነሣ። አሁን በቀኝ ጆሮው የውስጥ ገጽ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ቀይ ቦታ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እጄን ወደ ራሱ ስዘረጋ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ይሸሻል፤ ከሁሉም በላይ የከነከነኝ ይህ ነው።

ጆሮ ማስያዝ ውሻውን ይጎዳዋል ወይ? ጊዜውስ አልፎብናል ወይ? የሚቻል ከሆነ በትክክል የሚደረገው እንዴት ነው? ሲያድግ ውሾች በመልካቸው የሚመዘኑበት ውድድር ላይ ልናቀርበው እናስባለን፤ በማጣበቂያ የተስተካከለ ጆሮ ይዞ መቅረብ ማጭበርበር አይሆንም ወይ? የ9 ዓመት ልጃችንም አንድ ጥያቄ አለው፤ የተንጠለጠለው ጆሮ ከሌላው ያነሰ ይሰማል ወይ?

ከአክብሮት ጋር፣
ጆሮ ያስቸገራት የቡችላ ባለቤት

የአዘጋጁ መልስ

የተከበሩ ጠያቂዬ፣

ከቁስሉ ልጀምር። ቀዩ ቦታ ደርቆ ጸጉር መልሶ እስኪያበቅል ድረስ በዚያ ጆሮ ላይ ምንም ነገር አይለጠፍም። ቦታው የሚረጥብ፣ የሚሸት ወይም እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩት፤ አለዚያ ንጹሕና ደረቅ ሆኖ መቆየቱ ይበቃዋል። እስከዚያው ድረስ ሌላ ሥራ አለብዎት። ቦቢን ራሱን ሳይሆን ደረቱን እየዳሰሱ የሚወደውን ምግብ ከእጅዎ ያጉርሱት፤ ሳይሸሽ ሲቀር ወደ አንገቱ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላም ወደ ጆሮ ግንዱ ይለፉ። ጆሮውን ለማስያዝ ቢወስኑም ባይወስኑም ይህ አይቀርልዎትም፤ ምክንያቱም ጆሮውን ማስነካት የማይፈልግ ውሻ ሲታመም ለሐኪምም ያስቸግራል።

አሁን ወደ ጥርሱ እንሂድ። ስለ ጆሮ ተጠይቄ ስለ ጥርስ ማውራቴ እንግዳ ሊመስልዎት ይችላል፤ ነገር ግን ቴሪየር ያሳደገ ሰው ሁሉ ሁለቱን አያይዞ ነው የሚያያቸው። ቡችላ 28 የወተት ጥርሶች አሉት። እነዚህ ከሦስተኛው ወር ማብቂያ ገደማ ጀምሮ መርገፍ ይጀምሩና እስከ ስድስተኛው ወይም ሰባተኛው ወር ድረስ በ42 ቋሚ ጥርሶች ይተካሉ። የጆሮው ልም አጥንት በዚሁ ጊዜ ገና ለስላሳ ነው፤ የራስ ቅሉና ጆሮውን ከሥሩ የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎችም ገና እያደጉ ናቸው። ስለዚህ ጆሮው አንድ ሳምንት ይነሣል፣ በሌላው ይወድቃል፣ ወደ ጎን ይበራል፤ አንዳንዴም አንዱ ብቻውን ያምፃል። ነገ ጠዋት የቦቢን ከንፈር ገለጥ አድርገው ቢያዩ፣ ከፊት ጥርሶቹ አንዳንዶቹ አዲስና ሰፋፊ፣ አንዳንዶቹ ገና እንደ ሩዝ ፍሬ ትንንሽ፣ ከመሐላቸውም ያበጠ ቀይ ድድ ሊያገኙ ይችላሉ። ያ አፍ ሥራውን እስኪጨርስ ድረስ ስለ ጆሮው የመጨረሻ ቅርጽ ማንም በእርግጠኝነት ሊነግርዎት አይችልም፤ «እንዲሁ ይቀራል» ያለዎት አርቢም ጭምር።

የወዳጅዎን የካልሲየም ምክር ግን ፈጽሞ አይቀበሉት። «ካልሲየሙ ሁሉ ወደ ጥርስ ስለሚሄድ ጆሮው ይደክማል» የሚለው አነጋገር በውሻ ወዳጆች ዘንድ የቆየ ነው፤ ነገር ግን ለቡችላ ተብሎ የተመጣጠነ ምግብ የሚበላ ውሻ የሚያስፈልገውን ያህል ካልሲየም ያገኛል። ከዚህም በላይ በመጀመሪያዎቹ ወራት የቡችላ አንጀት ትርፍ ካልሲየምን በሚገባ አይመልስም፤ የሰጡትን ያህል ወደ ሰውነቱ ያስገባል፤ ትርፉም የሚያድገውን አጥንት ሊያጣምም ይችላል። ኤርዴል ከቴሪየሮች ሁሉ ትልቁ ነው፤ ወንዱ ሲያድግ ከመሬት እስከ ትከሻው 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይቆማል፤ እግሩን ለጆሮ ሲባል አደጋ ላይ መጣል አይገባም። ማሸቱ በለስላሳ እጅ እስከሆነ ድረስ አይጎዳውም፤ ቅርጽ ያስይዛል ብዬ ግን አላምንም። ጥቅሙ እጅዎን ማለማመዱ ነው።

ጊዜው አላለፈባችሁም፤ እንዲያውም መሐሉ ላይ ናችሁ። ጆሮ የሚያስይዙ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ከሦስተኛውና ከአራተኛው ወር አካባቢ ሲሆን፣ ቋሚ ጥርሶች በቅለው እስኪያልቁ ድረስ ይቀጥላሉ። ከ8 ወይም ከ9 ወር በኋላ ግን ልም አጥንቱ ስለሚጠና ማጣበቂያው እምብዛም አይለውጠውም። በዚህ መካከል የቦቢን ጆሮ በትክክል ለመመዘን፣ በየሳምንቱ በአንድ የተወሰነ ቀን፣ አንድ ነገር ሰምቶ ቀጥ ብሎ ሲያይ ከፊትና ከጎን ፎቶ ያንሡት። ሲተኛ፣ ሲሮጥ ወይም ሰላም ሲልዎት የሚያዩት ጆሮ ስሜቱን እንጂ ቅርጹን አይነግርዎትም። የጠዋቱና የማታው ጆሮ የተለያየብዎትም በከፊል በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

የትኛው ቅርጽ «ትክክል» እንደሚባልም በዝርያው ይወሰናል። የኤርዴል ጆሮ የ«ቪ» ቅርጽ ኖሮት እጥፋቱ ከራስ ቅሉ ከፍታ ጥቂት ብቻ ይበልጣል፤ የፎክስ ቴሪየር እጥፋት ከዚያ በጣም ከፍ ይላል፤ የዌስት ሃይላንድ ኋይት ቴሪየር ግን ጭራሽ አይታጠፍም፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ነገሩ በአርቢዎች ዘንድ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለማየት ኖርዊችና ኖርፎክ የተባሉትን ቴሪየሮች መጥቀስ ይበቃል፤ ሁለቱ እንደ አንድ ዝርያ ይቆጠሩ ነበር፤ በእንግሊዝ በ1964 ሲለያዩ ጆሮው የቆመው ኖርዊች፣ ጆሮው የታጠፈው ኖርፎክ ተባለ።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልመለስ። ለቤት ውሻ ከሆነ የባለቤትዎን ሐሳብ እደግፋለሁ፤ ጆሮ ማስያዝ ለመልክ እንጂ ለጤና የሚሰጠው ጥቅም የለም። እኔ ራሴ ያሳደግሁት ቴሪየር አንድ ጆሮው ዕድሜውን ሁሉ ወደ ላይ እንደተገተረ ኖሯል፤ እኔም ያለዚያ ጆሮ ላስበው አልችልም። ለውድድር ካሰባችሁ ግን ሥራው በአግባቡ ከተሠራ አይጎዳውም፤ በአግባቡ የሚባለውም እንደሚከተለው ነው።

መጀመሪያ የጆሮውን ጸጉር በውስጥም በውጭም በትንሽ የጸጉር መቁረጫ ማሽን አሳጥረው ይቁረጡ፤ የጸጉሩ ክብደት ራሱ ጆሮውን ይጎትታልና አንዳንድ ጊዜ ይህ ብቻውን ለውጥ ያመጣል። ጆሮው የሚያርፍበትንም የራሱን ጎን እንዲሁ ያሳጥሩ፤ ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው በደንብ ያድርቁት። ማጣበቂያው ለቆዳ ተብሎ የተሠራና ሲደርቅ የማይደድር መሆን አለበት፤ ሆዳቸው ላይ ከረጢት የሚለጠፍላቸው ሕሙማን የሚጠቀሙበት ዓይነት ለዚህ ይሆናል። ሱፐር ግሉ የሚባለውን በፍጹም አይንኩት፤ ሲደርቅ ይሞቃል፣ ይደድራል፣ ሲነሣም ቆዳ ይዞ ይነሣል።

ቦቢ ሮጦ ደክሞት እንቅልፍ ሲጫጫነው፣ አንዳችሁ ጭን ላይ አስተኝታችሁት ሌላው ይሥራ። ጆሮውን እጥፋቱ መሆን ካለበት ቦታ ላይ አጥፈው፣ ከጫፉ የውስጥ ገጽ ላይ የምስር ክክ የምታህል ማጣበቂያ ጠብ ያድርጉና ጫፉ ወደ ዓይኑ ውጫዊ ጥግ እንዲያመለክት አድርገው ራሱ ጎን ላይ ያሳርፉት። ጥቂት ደቂቃ ጫን ብለው ይያዙት፤ በዚያ ጊዜ ሁሉ ልጅዎ ምግብ ያልሰው። ሲለቁት ትንሿ ጣትዎ ከጆሮው ሥር ገብታ በነፃነት መውጣት አለባት፤ ካልገባች አየር አይገባምና እንደገና ይጀምሩ። ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አጥብቆ ይዘጋና በታፈነው ጆሮ ውስጥ እርጥበትና ኩክ ተጠራቅሞ ይቆጣል።

ከዚያ በኋላ ዋናው ሥራ ማሽተት ነው። በየቀኑ አፍንጫዎን ወደ ጆሮው ያስጠጉ፤ መጥፎ ሽታ ካለ፣ ራሱን ደጋግሞ የሚያራግፍ ወይም ወደ አንድ ጎን የሚያዘነብል ከሆነ በዚያው ቀን ያላቁት። ራስን ማራገፍ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሲበዛ በጆሮው ውስጥ ያሉትን የደም ሥሮች አፈንድቶ ጆሮውን በደም ያሳብጠዋል። ሁሉም ደህና ከሆነ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ይቆይ። ለማላቀቅ የወይራ ዘይት አሙቀው ሳይሆን እንዲሁ በጣትዎ ቀብተው ይጠብቁ፤ ማጣበቂያው ሲለሰልስ በራሱ ይለቃል፤ እንዳይጎትቱት። ሁለት ሦስት ቀን ያሳርፉት፤ ፎቶ ያንሡት፤ ጆሮው ቦታውን ካልያዘ ይድገሙት። ቆዳው ከቀላ ዕረፍቱ ይረዝማል፤ የቀጠሮው ባለቤት ቆዳው ነው።

ስለ ማጭበርበሩ ያነሡት ጥያቄ ያስከብርዎታል። ጆሮ ማስያዝ በብዙ አገሮች በሕግ የተከለከለውን ጆሮ መቁረጥ አይደለም፤ አይደማም፣ አይቀንስም። የውድድር ደንቦች ግን ከቦታ ቦታ ስለሚለያዩ ከመመዝገባችሁ በፊት ደንቡን ጠይቁ፤ በውድድሩ ቀን ጆሮው ላይ ምንም ዓይነት ማጣበቂያ እንዳይኖርም ተጠንቀቁ። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ማጣበቂያ የውሻውን ዘር አይለውጥም። ቦቢ ወደፊት ለማርባት ቢታሰብ፣ የሴቷ ውሻ ባለቤት የቦቢ ጆሮ በማጣበቂያ እንደተስተካከለ ከእርስዎ አፍ መስማት ይገባዋል።

ለልጅዎ ደግሞ ቦቢ በሁለቱም ጆሮዎቹ በደንብ እንደሚሰማ ይንገሩልኝ። ከፈለገ ይሞክረው፤ ቦቢ ጀርባውን ሰጥቶ ሲተኛ ከሌላ ክፍል ሆኖ የምግብ ዕቃውን ቀስ ብሎ ይንካ፤ የትኛው ጆሮ ቀድሞ እንደሚነሣም ይመዝግብልን።