ገመድ አልባ ማይክና ፍሪኩዌንሲ፦ የሳውንድ ባለሙያውን ጠይቁ

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሠርግ፣ የኮንሰርትና የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ሳውንድ እሠራለሁ። ስትጠይቁ ሪሲቨሩ (የማይኩን ሞገድ የሚቀበለው ሳጥን) ላይ የተጻፈውን ፍሪኩዌንሲ አብራችሁ ጻፉ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ጋሼ፣ ለቤተ ክርስቲያናችን ያገለገሉ ማይኮች በርካሽ አግኝተናል። 638–698 ሜጋኸርዝ ይላል። እንግዛ?

መልስ፦ አትግዙ! ኤፍሲሲ (የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት) ከ614 እስከ 698 ያለውን ከቴሌቪዥን ወስዶ፣ አብዛኛውን እ.ኤ.አ. በ2017 በተጠናቀቀው ጨረታ ለስልክ ኩባንያዎች ሸጦታል። ከጁላይ 13፣ 2020 ጀምሮ፣ ከጥቂት ጠባብ ክፍተቶች በቀር፣ እዚያ ውስጥ ማይክ መጠቀም ክልክል ነው። የ700ው ደግሞ ከጁን 2010 ጀምሮ ተዘግቷል። የረከሰውም ለዚህ ነው። ቤት ስትሞክሩት ጥርት ብሎ ይሠራ ይሆናል፤ ያ ግን ሕጋዊ አያደርገውም። ምእመናን ያዋጡት ገንዘብ ነው፤ ከ470 እስከ 608 ባለው ውስጥ የሚሠራ ፈልጉ።

ከዳላስ፦ ማይካችን ይቆራረጣል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ፍሪኩዌንሲው ስንት ነው? ስንት ማይክ ነው? አንቴናው የት ነው? ይህን ሳትነግረኝ ምን ልበልህ?

ከዳላስ፦ ይቅርታ። ስድስት ማይክ፣ ከ500 ጀምሮ። እንዳይጋጩ በ0.4 በ0.4 ሜጋኸርዝ እኩል አራርቄያቸዋለሁ።

መልስ፦ ችግሩ እኩል ማራራቅህ ነው። ሁለት ማይኮች ጎን ለጎን ሲበሩ ሞገዳቸው ተደባልቆ ሌላ ፍሪኩዌንሲ ይፈጥራል፤ ኢንተርሞዱሌሽን የምንለው ይህ ነው። አስላው፦ 500.4ን በሁለት አባዛና 500.0ን ቀንስ። 500.8 ይመጣል፤ ሦስተኛው ማይክህ ያለበት ቦታ! ስለዚህ ሁለቱ ዘፋኞች ተጠጋግተው ሲቆሙ ሦስተኛው ይንጫጫል፤ አንተም ባትሪው የደከመ መስሎህ ትቀይራለህ። ማይኮቹ አንድ ዓይነት ከሆኑ ሁሉንም ከአንድ ግሩፕ ውሰድ፤ ግሩፕ ማለት ፋብሪካው እንዳይጋጩ አስልቶ ሪሲቨሩ ውስጥ ያስቀመጣቸው ፍሪኩዌንሲዎች ናቸው። ግሩፕ አትቀላቅል። የተለያየ ብራንድ ካለህ በማስያ ሶፍትዌር አስላ። መጀመሪያ ግን ማይኮቹን ሁሉ አጥፍተህ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ስካን አድርግ (ሪሲቨሩ ባዶ ፍሪኩዌንሲ ይፈልግ)፤ ያለፈው ሳምንት ስካን አይሠራም። አንቴናዎቹንም ከራክ (ዕቃው ከተደረደረበት ሳጥን) ጀርባ አውጥተህ ከሰው ራስ በላይ፣ መድረኩን እንዲያዩ አድርገህ ስቀል። በ500 ሜጋኸርዝ አንዱ ከሌላው ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር ይራቅ።

ከአትላንታ፦ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? 2.4 ጊጋኸርዝ መግዛት ነው።

ከሂውስተን፦ እኛ ገዝተን አይተነዋል። ሳውንድ ቼክ ላይ ጥሩ ነበር፤ ታዳሚው ስልኩን ይዞ ሲገባ ግን መቆራረጥ ጀመረ።

ከአትላንታ፦ ርካሹን ገዝታችሁ ይሆናል።

ከሂውስተን፦ ርካሽ አልነበረም! ለነገሩ ለመዘምራን ከገመድ የተሻለ የለም።

ከአትላንታ፦ በገመድ ወረብ ይሞከራል እንዴ?

መልስ፦ ወደ ጥያቄው ተመለሱ። 2.4 ዋይፋይ ያለበት ባንድ (የፍሪኩዌንሲ ክልል) ነው። በቅርብ ርቀት ለቃለ መጠይቅ ይሆናል፤ ለሞላ አዳራሽ አልመክርም።

ከአሌክሳንድሪያ፦ የትኛው ብራንድ ይሻላል?

መልስ፦ ብራንድ አላወዳድርም። ባንዱን እዩ።

ከሲያትል፦ ፈቃድ ያስፈልገናል?

መልስ፦ በቴሌቪዥን ባንድ እስከ 50 ሚሊዋት ያለ ፈቃድ ይቻላል፤ ሌላ ሲረብሽህ ግን ጥበቃ የለህም። ሳውንድ ድርጅትና አዳራሽ ፈቃድ የሚያገኙት በመደበኛነት 50 እና ከዚያ በላይ ማይክ የሚጠቀሙ ከሆነ ነው።

ከዴንቨር፦ 640 ላይ የሚሠራ በጥሩ ዋጋ አግኝቼ ነበር...

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከላይ አንብብ። አትግዛ።

ከአዲስ አበባ፦ ጋሼ፣ እህቴ ከአሜሪካ የ1.9 ጊጋኸርዝ ማይክ ልታመጣልኝ ነው። እዚህ ይሆነኛል?

መልስ፦ ካልገዛችው ንገራት፣ ይቅርባት። የአሜሪካው ከ1920 እስከ 1930 ሜጋኸርዝ ይሠራል። ኢትዮጵያ በፍሪኩዌንሲ ድልድል ከአውሮፓ ጋር በአንድ ቀጠና ናት፤ በአውሮፓ ደግሞ ለዚሁ ዓይነት መሣሪያ የተመደበው ከ1880 እስከ 1900 ነው፤ ከ1920 በላይ ያለው የሞባይል ነው። ሌላም ብታመጣልህ የአሜሪካ ሕግ እዚያ አይሠራም፤ የቴሌቪዥን ቻናሉ ስፋት እንኳ እዚህ 6፣ እዚያ 8 ሜጋኸርዝ ነው። ከ694 እስከ 790 ያለው በአፍሪካም በአውሮፓም ለሞባይል ተመድቧል። ከመግዛትህ በፊት ሞዴሉንና ፍሪኩዌንሲውን ይዘህ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ጠይቅ።