የባሕር ነፋስና ባሮሜትር

ጥያቄ፦ ነፋሱ ቀን ከባሕር ወደ የብስ፣ ሌሊት ከየብስ ወደ ባሕር የሚነፍሰው ለምንድን ነው? ባሮሜትር (የአየር ግፊት መለኪያ) ቢኖረኝ አስቀድሜ ላውቀው እችላለሁ?

መልስ፦ ፀሐይ የብሱን ከውኃው ቀድማ ታሞቀዋለች። የሞቀው አየር ይሰፋል፣ ይቀላል፣ ሽቅብ ይወጣል፤ በየብሱ ላይ ግፊቱ ሲቀንስ ቀዝቃዛው የባሕር አየር ወደዚያ ይነፍሳል። ሌሊት የብሱ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ አቅጣጫው ይገለበጣል። የግፊቱ ልዩነት ግን 1 ወይም 2 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት የሚለካበት አሃድ) ቢሆን ነው፤ በባሮሜትር መለየቱ ያስቸግራል። መሣሪያው የሚጠቅመው ለትልቁ ለውጥ ነው፦ ግፊቱ በ3 ሰዓት ውስጥ ከ3 ሄክቶፓስካል በላይ ከወረደ ብርቱ ነፋስና ዝናብ ሊመጣ ይችላል። ከቁጥሩ ይልቅ የሚወርድበትን ፍጥነት ይከታተሉ። ቦታውንም አይቀያይሩ፤ ከባሕር ወለል አጠገብ 8 ሜትር ያህል ከፍ ሲሉ ብቻ ንባቡ በ1 ሄክቶፓስካል ይወርዳል፣ የአየሩ ጠባይ ግን ያው ነው።