ዶውን ድንጋይ ሳታመጣ የቬስታ ድንጋይ እጃችን እንደገባ በምን ታወቀ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ። የናሳ መንኮራኩር ዶውን ቬስታ የሚባለውን ትልቅ አስትሮይድ (ፀሐይን የሚዞር የሕዋ አለት) ዞራ አየችው እንጂ አላረፈችበትም፣ ድንጋይም አላመጣችም። ታዲያ አንዳንድ ሜትሮራይቶችን (ከሕዋ መሬት ላይ የወደቁ ድንጋዮችን) "ከቬስታ የመጡ ናቸው" የሚሉት በምን አውቀው ነው? ግምት አይደለም እንዴ?

መልስ፦ መጀመሪያ ላይ እውነትም ግምት ነበር፣ ግን ጥሩ መሠረት ያለው። በ1970 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ተመራማሪዎች ከቬስታ የሚንጸባረቀውን የፀሐይ ብርሃን ሲተነትኑት ዩክራይት ከሚባሉት ሜትሮራይቶች ጋር ተመሳሰለ፣ ዩክራይት ደግሞ ከቀዘቀዘ ላቫ የተሠራ ድንጋይ ነው። የቀረው ጥያቄ ድንጋዩን ከዛ ምን ፈንቅሎ አወጣው የሚለው ነበር።

ሃብል ቴሌስኮፕ በ1990ዎቹ የቬስታ ደቡብ ዋልታ ላይ ትልቅ ጉድጓድ አሳየ፣ ዶውን በ2011 ደርሳ ከአንድ ዓመት በላይ ስትዞረው ግን ነገሩ ፍንትው አለ። ሪያሲልቪያ ይባላል፣ ስፋቱ 500 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ቬስታ ራሱ እኮ በአማካይ 525 ቢሆን ነው! መሀሉ ላይ የቆመው ተራራ ደግሞ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፣ ኤቨረስት 9 እንኳን አይሞላም። ከስሩ ቬኔኔያ የሚባል ሌላ የቆየ ጉድጓድም አለ፣ እንደዚህ አይነት ምት ሁለቴ ችሎ ሳይበታተን መቅረቱ በጣም ይገርመኛል። ከምቱ የተፈናጠሩት ስብርባሪዎች ትንንሽ አስትሮይዶች ሆኑ፣ ከነሱ የተወሰኑት የጁፒተር ስበት መንገዳቸውን እያዛባው ወደኛ ይመጣሉ፣ መሬት ላይ ሲወድቁ ከሚገኙት ሜትሮራይቶች 6 በመቶ አካባቢ የዚህ ቤተሰብ ናቸው።

ለኔ ክርክሩን የዘጋው ግን ፎቶው አይደለም። ኮስሚክ ሬይ (ከሕዋ የሚመጡ ፈጣን ቅንጣቶች) የቬስታን ገጽ ሲመታ ጋማ ሬይና ኒውትሮን ይወጣል፣ ዶውን ላይ የነበረው መሣሪያ እሱን ለክቶ ብረት ከኦክስጅንና ከሲሊኮን አንጻር ምን ያህል እንደሆነ አወጣ፣ ውጤቱም ከሜትሮራይቶቹ ጋር ገጠመ። የስበት ልኬቱም ውስጡ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ራዲየስ ያለው የብረት እምብርት እንዳለ ይጠቁማል፣ ማለትም ቬስታ ገና ድሮ ቀልጦ ብረቱ ወደታች ሰምጧል፣ ላቫው ደግሞ ላይ ቀርቷል።

ሁሉም ዩክራይት ግን የቬስታ ነው ማለት አይደለም፣ ለምሳሌ በ1957 ብራዚል የወደቀው ኢቢቲራ የኦክስጅን አይሶቶፑ (ክብደታቸው የተለያየ የኦክስጅን አቶሞች ድርሻ) ስለሚለይ ከሌላ አስትሮይድ ሳይመጣ አልቀረም።