መልስ፦ የኮርኔሉ አይኤልአር ለኤችአር ብቻ ነው?

እህቴ፣ ልጅሽ ኮርኔል አይኤልአር (የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የኢንዱስትሪና የሠራተኛ ግንኙነት ትምህርት ቤት) መግባት ፈልጋ «ይሄ የኤችአር (የሰው ሀብት አስተዳደር) ትምህርት ብቻ አይደል?» ብለሽ ጠይቀሻል። አይደለም። በ1945 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም የታሰበው የአሠሪውንም የሠራተኛውንም ወገን የሚያውቅ ሰው ለማፍራት ነው።

በመጀመሪያ ዲግሪ የሠራተኛ ሕግ፣ የሠራተኛ ታሪክ፣ የኅብረት ድርድር (ሠራተኞች በማኅበራቸው በኩል ከአሠሪው ጋር የሚደራደሩበት)፣ ኢኮኖሚክስና ስታትስቲክስ ትማራለች። ንባቡ ከባድ ነው፣ መጻፉም እንደዚያው። ለዚህ ነው ብዙ ተመራቂዎች ወደ ሕግ ትምህርት የሚቀጥሉት። ወደ ሠራተኛ ማኅበርም ወደ ኩባንያም የሚገቡ አሉ። ፍራንሲስ ፐርኪንስ ራሳቸው፣ የፕሬዝዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት የሠራተኛ ሚኒስትርና በአሜሪካ ካቢኔ የመጀመሪያዋ ሴት፣ በመጨረሻ ዘመናቸው እዚያ አስተምረዋል። ይሄን ሳስብ ሁሌ ደስ ይለኛል!

ማስተርስም ፒኤችዲም አለው፤ እሱ ለኋላ ይቆይ።

ስለ ክፍያው፦ ኒውዮርክ ስቴት ነዋሪ ናችሁ ብለሻል። ትምህርት ቤቱን ስቴቱ ስለሚደግፈው ለነዋሪ ክፍያው በደንብ ይቀንሳል። ይህንን እንዳታልፉት።

ማመልከቻው ላይ ደግሞ ለምን ይሄንኑ ትምህርት እንደመረጠች ትጠየቃለች። አባቷ ታክሲ ሲነዳ ያየችውን የሥራ ሰዓትና የገቢ ጣጣ በራሷ ቃል ትጻፈው። ከልቧ ይሁን እንጂ አታሳምረው።