ለተጠበሰ አሳ የሚሆን ኮምጣጣ ሰናፍጭ ለምን ይመራል?

እህቴ፣ «ከጎርጎራ የመጣ ቆሮሶ ጠብሼ ከጎኑ የማቀርበው የሎሚ ሰናፍጭ አንዴ ይመራል፣ አንዴ ደግሞ ጭራሽ አይሰነፍጥም» ብለሽ ከነአሠራሩ ጽፈሻል። ችግሩ ያለው ሁለት ቦታ ነው፦ ውሃው የፈላ ነው፣ ሎሚውንም ከዱቄቱ ጋር አንድ ላይ ጨምረሻል።

የሰናፍጭ ፍሬ እንዲሁ ሲሸተት ምንም የለውም። የሚሰነፍጠው ተፈጭቶ ውሃ ሲነካው ነው፤ ይህን የሚሠራው ፍሬው ውስጥ ያለ ኢንዛይም (ለውጡን የሚያስነሳ ንጥረ ነገር) ነው። የፈላ ውሃ ኢንዛይሙን ይገድለዋል፣ ምሬቱ ብቻ ይቀራል። ፍሬውን ማመስም ያው ነው። ሎሚና ጨው ቀድመው ከገቡ ደግሞ ሥራውን ያዘገዩታል።

ለ4 ወይም 5 ሰው 4 የሾርባ ማንኪያ ሰናፍጭ ይበቃል። ቅዳሜ ገበያ ስትገዢ ምጣድ ከምናስስበት ጎመን ዘር ጋር እንዳይቀላቀልብሽ፤ የሰናፍጩ ፍሬ ያንሳል፣ ይጠቁራልም። ለቅመሽ ንፊው። በሙቀጫ ብትወቅጪው ጥሩ ነው፤ በቡና መፍጫ ከሆነ እንዳይሞቅ እያሳረፍሽ ፍጪው። በሸክላ ወይም በብርጭቆ ዕቃ አድርጊና 6 የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምረሽ አማስይው። የአሉሚኒየም ሳህን አትጠቀሚ፣ ሎሚው ሲገባ ብረት ብረት ይላል። ከዚያ ከድነሽ 15 ደቂቃ ተዪው። ክዳኑን ስትከፍቺ ዓይንሽን ማስነባት አለበት፤ ካላስነባሽ ፍሬው ያረጀ ነው፣ ሎሚም ሆነ ሌላ ነገር አያድነውም።

አሁን 3 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ በደንብ የተወቀጠ 2 ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና ፍሬው የወጣለት 1 ቃሪያ ይገባል። ሎሚውን ከጨመርሽ በኋላ ኃይሉ ቶሎ አይበንም፤ ሳይጨመር ከቆየ ግን እየደከመ ይሄዳል። የሎሚውን ፍሬ አጥልይው፣ አብሮ ከተወቀጠ ራሱ ያመርራል። ሎሚ ከጠፋ አቼቶ ይሆናል፣ ግን በ2 ማንኪያ ጀምሪ፤ ሽታው ቆሮሶውን ይጫነዋል።

ዘይቱ የመጨረሻ ነው፦ 2 የሾርባ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት፣ ጠብ ጠብ እያደረግሽ፣ ሳታቋርጪ እየመታሽ። በአንዴ ካፈሰስሽው ከላይ ይንሳፈፋል። የኑግ ዘይትም ይሆናል፣ ጣዕሙ ግን ከበድ ይላል።

በዚያው ሰዓት ስትቀምሺው ትንሽ ምሬት ቢኖረው አትደንግጪ። ተከድኖ ሲያድር ይለዝባል፣ ስለዚህ ለእሑድ ምሳ ቅዳሜ ማታ ሥሪው። ጠዋት ላይ ከጠጠረ በውሃ ሳይሆን በሎሚ አቅጥኚው። አሁንም ከመረረሽ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ስኳር ያስተካክለዋል። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ስላለበት ማቀዝቀዣ ውስጥ ከ5 ቀን አታስበልጪው፤ ማቀዝቀዣ ከሌለ ለአንድ ገበታ የሚበቃውን ብቻ መሥራት ይሻላል።

ሲቀርብ በትኩስ አሳ ላይ አይፈስም። ሙቀቱ ስንፈጣውን ይዞት ይበናል፣ የተጠበሰውም ቅርፊት ይርሳል። በትንሽ ሳህን ከጎን ይቀመጥና እየተጠቀሰ ይበላ። አሳው አምባዛ ከሆነ ሥጋው ስብ ስላለው ሎሚውን 4 ማንኪያ አድርጊው።