ግማሹን ብቻ የመለስኩት ጥያቄ

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ባልደረባዬ «ስልኬ የምወደውን አውቆ ካመጣልኝ ምን ቸገረኝ? የምደብቀው ነገር የለኝም» አለችኝ። መልስ አጣሁ። የቆየ ነገር ቀሰቀሰችብኝ።

ፌስቡክ የላይክ ቁልፉን ለሌሎች ድረ ገጾች የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ያኔ የምሠራው የጤና መረጃ በሚሰጥ ድረ ገጽ ላይ ነበር። አለቃዬ «አስገባው» አለኝ። ጥቂት መስመር ኮድ ነው፤ ወዲያው ጨረስኩት።

ማታ ብሮውዘሩ፣ ማለትም ድረ ገጽ የምንከፍትበት መተግበሪያ፣ ወዴት ምን እንደሚልክ ስመለከት ደነገጥኩ። ቁልፉን ማንም አልነካውም። ገጹ በተከፈተ ቁጥር ግን ቁልፉ ከፌስቡክ ሰርቨር፣ ከኩባንያው ኮምፒውተር፣ ይመጣል፤ ብሮውዘሩም የገጹን አድራሻና የአንባቢውን ኩኪ ለሰርቨሩ ይሰጣል። ኩኪ ድረ ገጽ ተመላሹን ሰው እንዲለይ ብሮውዘሩ ውስጥ የሚያስቀምጠው ትንሽ መረጃ ነው። ከአድራሻዎቹ አንዱ ላይ «ፅንስ መጨንገፍ» ይላል። ዓይኔ እዚያ መስመር ላይ ቀረ።

ለአለቃዬ ነገርኩት። «ሁሉም ያደርገዋል» አለኝ። ዝም አልኩ።

ከወራት በኋላ አንዲት አንባቢ ጻፈችልን። ያንኑ ጽሑፍ ስታነብ ከሥሩ የጓደኛዋን ፎቶ አየች፤ ጓደኛዋ ላይክ አድርጋው ኖሯል። «እኔንስ አየችኝ ይሆን? ለእናቴ እንኳ አልነገርኩም» ትላለች። መልሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «አይዞሽ፣ ላይክ ካላደረግሽ አታይሽም» አልኳት። እውነት ነው። የትኛውን ገጽ እንደከፈተች ግን ኩባንያው ጋ ደርሷል። ያንን ሳልነግራት ቀረሁ። «ተመስገን፣ ዛሬ እተኛለሁ» ብላ መለሰችልኝ።

ኩኪ ሲጀመር ክፋት አልነበረውም። ፕሮግራመሩ ሉ ሞንቱሊ እ.ኤ.አ. በ1994 ኔትስኬፕ በተባለው የብሮውዘር ኩባንያ ውስጥ የሠራው ድረ ገጽ የገዢውን ምርጫ እንዲያስታውስ ነው። እኔም ዛሬ ተመርጦ የሚመጣልኝን ሙዚቃ እወዳለሁ፤ ሁሉንም አጥፉ አልላችሁም። ግን ስልካችሁን ከእናታችሁ ቆልፋችሁ ድረ ገጽ ስትከፍቱ የሚመጣውን «እስማማለሁ» ሳታነቡ ስትነኩ እናደዳለሁ። ደግሞ እንዳይነበብ አድርገን የጻፍነው እኛው ድረ ገጽ ሠሪዎቹ ነን።

ስለ ይለፍ ቃል ሌላ ሰው ይምከራችሁ። የእኔ ይህ ነው፦ ስለ ጤናችሁ ወይም ስለ ዕዳችሁ የምታነቡበት ብሮውዘር የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንታችሁ ከተከፈተበት ይለይ። ኮድ የምትጽፉ ደግሞ፣ ከሌላ ኩባንያ የሚመጣ እንዲህ ያለ ቁልፍ ሰው ፈልጎ ሲነካው ብቻ እንዲጫን አድርጉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት የላይክ ቁልፉን ያስገባው ድረ ገጽም መረጃውን በመሰብሰብና በማስተላለፍ አብሮ ተጠያቂ ነው ብሏል። ፍርዱን ሳነብ ያቺ አንባቢ ትዝ አለችኝ።

እሷም ፅንሱ ከመጨንገፉ በፊት ብትጠየቅ «የምደብቀው የለኝም» ትል ነበር ይሆናል። ቀሪውን ግማሽ እስከ ዛሬ አልጻፍኩላትም።