ጠጅና አረቄ ወደ አሜሪካ ለመላክ ሌብሉ ላይ ምን ይጻፍ ላልሽው

እህቴ፣ ጠጅና አረቄ በጠርሙስ ሞልተሽ ወደ አሜሪካ ለመላክ ሌብሉ ላይ ምን እንደሚጻፍ ጠይቀሻል። ስለ ንግድ ፈቃዱ ሌሎች ይንገሩሽ፤ እኔ 4,000 ሌብል ከንቱ ያስቀረብኝን ልንገርሽ። አንቺም እንደ እኔ እዚያ የሚያስመጣልሽ ዘመድ ሳይኖርሽ አይቀርም።

1. ሳይጸድቅ አታሳትሚ። የሚያጸድቀው የአሜሪካው የአልኮልና የትምባሆ ታክስና ንግድ ቢሮ ነው፤ የሚያመለክተውም ፈቃድ ያለው አስመጪ እንጂ አምራቹ አይደለም። ክፍያ የለውም። ይህን ሳላውቅ እዚሁ አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ቀን ተመላለስኩ። ሠራተኛዋ ከስልኳ ቀና ሳትል «እኛን አይመለከትም» አለችኝ። የሚያናድደው እውነቷን መሆኑ ነው፤ ግን በመጀመሪያው ቀን ብትነግረኝ ምን ነበረበት?

2. ማስጠንቀቂያው። እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣው ሕግ መሠረት ስለ እርግዝና፣ ስለ መኪና መንዳትና ስለ ጤና የሚያስጠነቅቀው ጽሑፍ ቃል በቃል በእንግሊዝኛ ይሰፍራል። «ገቨርንመንት ዋርኒንግ» የሚሉት ሁለት ቃላት በትልልቁ የእንግሊዝኛ ፊደል ደምቀው ይጻፋሉ፤ የተቀረው መድመቅ የለበትም። የእኔን ሌብል የሠራው ልጅ፣ የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሳይፈርስ እዚያ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረችው፣ «ጋሼ፣ በደንብ እንዲታይ» ብሎ ሁሉንም አደመቀው። እኔም አማረኝና አሳተምኩ። የእህቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ደውሎ «አጎቴ፣ ይታረም ተብሎ ተመልሷል» ሲለኝ የሚቀልድ መሰለኝ። በፊደል ድምቀት! ቁልሉ ዛሬም አልጋዬ ሥር ነው፤ የልጅ ልጆቼ ጀርባው ላይ ሥዕል ይሥሉበታል። በ750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ላይ ደግሞ የማስጠንቀቂያው ፊደል ከ2 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም። ያኔ ማስመሪያ ገዛሁ።

3. «ጠጅ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ የማር ወይን መሆኑ በእንግሊዝኛ ይጻፋል። የአልኮሉ መጠን ከ14 በመቶ ካላለፈ፣ ከተጻፈው በ1.5 ነጥብ ቢዛነፍ ይታለፋል። ይህ ለሰነፍ ብዙ ነው፤ ለባለቤቴ ጠጅ ግን አይበቃም። እሷ እንደ እናቷ አድርጋ ነው የምትጥለው፤ ጠርሙስ ገብቶም መፍላቱን አይተውም። መፍላቱን ሳታስቆሚ አልኮሉን አታስለኪ። ለማስቆም ሰልፋይት የሚባለውን ማቆያ ኬሚካል ከጨመርሽና በሊትር 10 ሚሊ ግራም ከደረሰ እሱም ይጻፋል። እኔ ይህን ሁሉ አስተካክዬ ሁለተኛው ሌብል በአንድ ጊዜ አለፈ፤ የእህቴ ልጅ እንኳን አላመነም።

አረቄውን ግን አልደፈርኩትም። ለእሱ የሚፈቀደው መዛነፍ 0.3 ነጥብ ብቻ መሆኑን ስሰማ ተውኩት።